ከቤቱ የቀደመ ድንኳን

ትርሲት ደበሌ በዚያ ሰሞን ቁርሷን የምትበላው እየተራመደች ነበር። ምሳዋንም እንደዚያው። ጸጉሯን ስታበጥር ትራመዳለች፣ ሲደክማት ትራመዳለች፣ ሰው ስታዋራም ጎን ለጎን እየሄደች ነው። በከተማው መንገድ ላይ መራመድን የከለከለ ሕግ የለም። የተከለከለው መቆም ነው።

ይህም ቢሆን ሁሉንም ሰው የሚመለከት አልነበረም። ቤት ያለው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ወሬውን ሲጠርቅ ቢውል የሚናገረው የለም። የመንገዱ ንጣፍ የእያንዳንዱን ሰው አድራሻ ስለሚያውቅ አድራሻ ያለውን ዝም ይለዋል። አድራሻ የሌለው ሰው ግን ትንሽ ቆም ካለ ከእግሩ ሥር ያለው ንጣፍ መጋል ይጀምራል፤ አጠገቡ ያለው የመብራት ምሰሶም ለስለስ ባለ የሴት ድምፅ፣ «ውድ እግረኛ፣ እባክዎ ጉዞዎን ይቀጥሉ» ይለዋል። ሁለተኛም በዚያው ትሕትና ይናገራል። ከዚያ በኋላ መናገር የለም፤ ሹፌር የሌላት ነጭ መኪና ትመጣለች። መኪናዋ የምትወስደው ከከተማ ውጭ ወዳለው ማቆያ ነው። ማቆያው ንጹሕ ነው፣ ምግብም አለው ይባላል። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ የመሰከረ ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ሥራ የሚሠራው የእግረኛ ፍሰት ቢሮ በየዓመቱ መግለጫ ያወጣል። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚያድር አንድም ሰው የለም ይላል። አልዋሸም። የሚያድር አልነበረም፤ ሲሄድ የሚያነጋ እንጂ። ስም ወጥቶላቸውም «ተጓዦች» ይባሉ ነበር። ቤት ያለው ሰው ስሙን ሲሰማ የሆነ ቦታ ለመድረስ የሚሄዱ ይመስለው ነበር።

ትርሲት ተጓዥ ከመሆኗ በፊት መኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ሲለምዱ መሪ መጨበጥ የሚማር ሰው ጠፋና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ጎተራ አካባቢ ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። ሌላ ቤት ለመከራየት ስትሄድ አከራዩ በቅድሚያ አሁን የምትኖርበትን አድራሻ ጠየቃት። እሷ የነበራት አድራሻ የፈረሰው ቤት ነው። ሰንብቶ እሱም ከመዝገብ ተሰረዘ። አድራሻ ከሌላት ቤት አታገኝም፤ ቤት ከሌላት አድራሻ አታገኝም። የአክስቷ ልጅ ጥቂት ሳምንት አስጠጋቻት። ይሁን እንጂ የዘመኑ ሕንፃዎች በውስጣቸው የሚተነፍሰውን ሰው ይቆጥራሉና ለአክስቷ ልጅ ማስጠንቀቂያ መጣ። ትርሲት «ውጪልኝ» እስክትባል አልጠበቀችም። «ሥራ አግኝቻለሁ» ብላ ዋሽታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መራመድ ሆነ። ቀን ቀን በሩ እስኪዘጋ ድረስ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመስጊድ ደጅ ትንሽ ማረፍ ይቻላል። በሮቹ ሲዘጉ ተጓዦቹ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። ሁለቱ የመካከለኛውን ክንድ ይይዙታል፤ እሱም ተደግፎ እየተራመደ ያንቀላፋል። ሲበቃው ተራውን ይለቃል። ትርሲት እንደዚያ መተኛት ለመደች። ሕልም ማየትም ለመደች፤ በሕልሟም ትራመዳለች።

ብዙውን ጊዜ አብረዋት የሚሄዱት ጋሽ ደምመላሽ ይግዛው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በደኅናው ጊዜ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ። ታመው ሆስፒታል ብዙ ከተኙ በኋላ ሲወጡ ቤታቸው «ነዋሪ የሌለበት» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቃቸው። ከሜዳ ያመጡት አካሄድ አሁንም አለቀቃቸውም፤ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ ግራ ቀኝ እየቃኙ ነው የሚሄዱት። ጉልበታቸው ግን እያለቀ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ቦሌ አራብሳ ከሚገኙት አሮጌ ኮንዶሚኒየሞች አጥር ሥር ሲያልፉ፣ ያ ጉልበት እምቢ አለ። ጋሽ ደምመላሽ አጥሩን ተደግፈው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ፤ እስከ ማዞሪያው» አለች ትርሲት ክንዳቸውን ይዛ።

«የለም ልጄ። ጨዋታው አልቋል። አንቺ ሂጂ።»

ምሰሶው፣ «ውድ እግረኛ፣ እባክዎ ጉዞዎን ይቀጥሉ» አለ። ንጣፉ በጫማዋ ሥር ሲሞቅ ተሰማት። ሁለተኛውም ጥሪ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ ነጭዋ መኪና ብቅ አለች፤ አልተጣደፈችም፤ ተጣድፋም አታውቅ። ትርሲት ዞር ዞር ስትል በተከፈተው የግቢ በር ውስጥ ሰማያዊ ድንኳን ተጥሎ አየች። የለቅሶ ድንኳን ነው። ሳታስብ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዛ፣ ግማሹን ተሸክማ፣ ግማሹን ጎትታ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገባችና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። እሷም አጠገባቸው ዘጭ አለች።

የሚሆነውን ጠበቀች። ምንም አልሆነም። መሬቱ ዝም አለ። ነጭዋ መኪና በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ዞራ ሄደች። አንድ ሰው መጥቶ ንፍሮ አቀረበላቸው፤ «እግዜር ያጥናችሁ» አላቸው። እነሱም «አሜን» አሉ።

ቢሮው የለቅሶ ድንኳን አይነካም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱን ሊያስነሣ ሞክሮ ከተማው በቁጣ ስለ ተነሣበት፣ እድሮች በሚጥሉት ድንኳን ሥር ያለ ሰው ሁሉ ዝም እንዲባል ደንብ ወጣ። ትርሲት ይህን አታውቅም። የምታውቀው ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ መቀመጧን ብቻ ነው። ሁለቱም እስከ ሠልስቱ ከዚያ አልተነሡም።

በሠልስቱ ማግስት ጠዋት ለቀስተኛው ተሰናብቶ ወጣ፤ የእድሩ ጎረምሶችም የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ያን ጊዜ አንዲት ከዘራ የያዙ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ትልቅ ሴትዮ ወደ እነ ትርሲት መጡ። የእድሩ ዳኛ እትዬ ሙሉመቤት ናቸው።

«ሟች ምናችሁ ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

ትርሲት ውሸት ፈልጋ አጣች። «ምናችንም አልነበሩም እትዬ። ስማቸውንም እዚህ ነው የሰማነው። ጋሼ ጉልበታቸው ከዳቸውና መቀመጫ ብናጣ ነው የገባነው። ይቅር ይበሉን።»

«መቀመጫ ብታጡ?»

«አዎ።»

«እዚያ መንገድ ዳር አትቀመጡም?»

እትዬ ሙሉመቤት የጠየቁት ከልባቸው ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲመላለሱ ምሰሶው አናግሯቸው አያውቅም። ትርሲት እንዴት እንደምታስረዳቸው ቸገራት። «ከእኔ ጋር ይምጡ» አለቻቸው። ከበሩ ወጥተው ጎን ለጎን ቆሙ። ጥቂት እንደ ቆዩ ምሰሶው ለትርሲት ብቻ ጥሪውን አሰማ። ሴትዮዋ ደነገጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ንጣፉ ላይ አሳረፉ። በራሳቸው እግር በኩል ያለው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። እጃቸውን ወደ ትርሲት እግር ሲያስጠጉ እንደ ጋለ ምጣድ ሆነባቸውና ነጠቅ አደረጉት።

«እስከ ዛሬ በዚህ ላይ ነው የምትሄዱት?»

«አዎ እትዬ።»

ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ወደ ግቢው ተመለሱና መስማት በሚያዳግታቸው ዕድሜ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ጮኹ። «ገመዱን ተዉት! ማንም እንዳይነካው! ሰው ጥሩልኝ!»

የብሎኩ ነዋሪ ድንኳኑ ሥር ተሰበሰበ። እትዬ ሙሉመቤት ያዩትን ተናገሩ፤ እጃቸውንም አሳዩ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ ሰው ብድግ ብሎ ትርሲትን ትክ ብሎ አየና፣ «ቆይ... መኪና መንዳት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለ። ሱፊያን ይባላል፤ የግቢው የውኃና የመብራት ባለሙያ ነው። እሷም አወቀችው። ፍሬንና ነዳጅ እያምታታ ሲያስጨንቃት የከረመ ልጅ ነበር። «መንገድ ላይ ስንቴ ተላልፈናል ማለት ነው?» አለ ሱፊያን ለራሱ እንደሚናገር። ከተሰበሰበው ብዙው ተጓዦችን የሚያውቀው በልብሳቸው ቀለም ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም።

አቶ ፍሬስብሃት ግን ተነሡ። ጡረታ የወጡ የደንብና መመሪያ ባለሙያ ናቸው፤ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት።

«እኔም አዝኛለሁ» አሉ። «ነገር ግን ለቅሶው አልቋል። ያለ ምክንያት ድንኳን ማቆየት አይቻልም። ደንቡ የሚፈቅደው ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለቤት ምርቃት ብቻ ነው።»

አንዱ ከዳር፣ «ታዲያ ሌላ ለቅሶ እናስመዝግብ፤ ሞተች እንበልላት» አለ።

«እኔማ አልሞትኩም!» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ከራሷ ፈቃድ ውጭ ጮኸ። «ያን ሁሉ የሄድኩት ላለመሞት ነው። በቁሜ እንዲለቀስልኝ አልፈልግም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ ሠርግ!» አለ ሱፊያን፣ ትርሲትንና ጋሽ ደምመላሽን በዓይኑ እያመላከተ። ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «ከጨዋታ ውጭ!» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ትርሲትም ሳቀች፤ ሳቋ ከየት እንደ መጣ ለራሷም ገረማት።

እትዬ ሙሉመቤት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ሦስተኛው ቀረና» አሉ። «የቤት ምርቃት።»

«የማን ቤት?» አሉ አቶ ፍሬስብሃት።

ሴትዮዋ ከዘራቸውን ወደ ግቢው ጥግ ዘረጉ። እዚያ፣ ከብሎኩ ጋር ተጣብቆ፣ የኮንዶሚኒየሙ የጋራ ሕንፃ አለ። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ሰው ልብስ እንዲያጥብበት፣ ለድግስ እንዲያርድበት ተብሎ ለየብሎኩ የታነጸ ነው። ከታች ሰፋፊ፣ ከላይ ጠበብ ያሉ ክፍሎች አሉት። ልብሱም በጉም በሌላ መንገድ መሰናዳት ከጀመረ ወዲህ ማንም አልገባበትም። መስኮቶቹ ረግፈዋል፣ በሩ ዝጓል።

«ያ የማን ነው?» አሉ እትዬ ሙሉመቤት።

«የሁላችንም» አለ ሱፊያን።

«እንግዲያው ቤቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው ምርቃቱ ነው።»

አቶ ፍሬስብሃት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ቤት አይባልም። የሚቆለፍ በር፣ መስኮት፣ መብራትና ውኃ ሲኖረው ነው ቤት የሚባለው። ምርቃት ብለን ካስመዘገብን ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ቤት ካላገኘ አንድ ዓመት ሙሉ እድራችን ድንኳን እንዳይጥል ይታገዳል። በዚህ መሃል እኔ ብሞት የት ነው የምታለቅሱልኝ? ዝናብ ላይ?»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ብዙዎቹ ሽማግሎች ናቸው፤ ድንኳኑ ደግሞ የቀራቸው ትልቁ ነገር ነው። ትርሲት ተነሣች። «እትዬ፣ በእኛ ምክንያት ድንኳናችሁን እንድታጡ አልፈልግም። እንሂድ» አለች። ጋሽ ደምመላሽም ለመነሣት ሞከሩ። ግማሽ ተነሥተው ጉልበታቸው ከድቷቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ያን ሁሉም አየ።

እትዬ ሙሉመቤት፣ «እጅ አውጡ» አሉ። ግማሽ ያህሉ ወዲያው አወጣ። ሌላው ጎረቤቱን እያየ ቀስ በቀስ አወጣ። አቶ ፍሬስብሃት አላወጡም፤ ከእሳቸው ጋር ጥቂት ሰዎችም አላወጡም። ቢሆንም የወጣው እጅ በቃ። ምርቃቱ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚያ ብሎክ ሰው ዛሬም ሲያወራው ድምፁ ከፍ ይላል።

የሕንፃው ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ስላልነበረ በሩን በመጋዝ ቆረጡት። ውስጡ የሞተ ባትሪ፣ የተሰበረ ድሮን፣ የተጣለ ፍራሽ ተከምሮበታል። ሰው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት የበረንዳዋን በር ነቅላ በትከሻዋ ተሸክማ ወረደች። «እኔ በረንዳ ላይ አልወጣም፤ ነፋስ አይስማማኝም» አለች። ሌላው መስኮት አመጣ። መስኮቱ ከቀዳዳው ሰፊ ሆነና ግድግዳው ተፈለጠለት። ድንኳኑ ሥር ደግሞ ምርቃት ነውና ድግሱ እየተደገሰ ነበር። ከየቤቱ ድስት መጣ፣ ከበሮ መጣ፤ ከበሮ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የለም። ወጣቶቹ በአንድ እጃቸው ጡብ ያቀብላሉ፣ በትከሻቸው እስክስታ ይመታሉ።

ትርሲት ሲሚንቶ ታቦካ ነበር። ክንዷ እስከ ክርኗ ግራጫ ሆኗል፣ ላብ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ልቧ እንደ ከበሮው ይመታል። በዚህ መሃል ድንገት ቀና አለችና አንድ ነገር ልብ አለች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ ቆማለች። ማንም ሂጂ አላላትም። እንዲያውም «ነይ ወዲህ»፣ «ያዢልኝ»፣ «እዚያው ሁኚ» ሲሏት ነው የዋለችው።

ከአጥሩ ውጭ ተጓዦች እያለፉ ነበር። የከበሮውን ድምፅ ሰምተው አንገታቸውን ዘወር ያደርጋሉ፤ መቆም ስለማይችሉ ግን ያልፋሉ። ትርሲት አካፋውን ጥላ ወደ በሩ ሮጠች።

«ግቡ! ምርቃት ነው! ግቡ፣ እዚህ መቀመጥ ይቻላል!»

መጀመሪያ አላመኗትም። አንዲት ሴት ገባች፤ ቀጥሎ ባልና ሚስት ከነልጃቸው፤ ከዚያ ወሬው ከተጓዥ ወደ ተጓዥ እየተላለፈ ይጎርፉ ጀመር። ድንኳኑ ሥር ገብተው ሲቀመጡ የአንዳንዱ እግር ለብዙ ጊዜ ከታች እየተንቀጠቀጠ ይሄድ ነበር። ምግብ የምታቀርብ አንዲት የብሎኩ ወይዘሮ ሳህኑን ይዛ ክው አለች። ከተጓዦቹ አንዷ በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት አብራት የሠራች ባልደረባዋ ነበረች። ተቃቀፉና ሳህኑ መሬት ወደቀ። ያረፉት ተጓዦች ደግሞ ዝም ብለው አልቀሩም። አንዱ ግንበኛ ነበር፣ አንዷ ቀለም ቀቢ፤ ሌላው ምንም ባይችልም ጉልበት አለው። እየበሉ ይነሣሉ፣ እየሠሩ ይቀመጣሉ። ጋሽ ደምመላሽ ከወንበራቸው ሳይነሡ በሁለት ጣታቸው እያፏጩ ሥራውን ይመሩ ነበር።

ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር አንድ ክፍል በርም መስኮትም መብራትም ነበረው። ውኃ ግን እምቢ አለ። ሱፊያን ከቧንቧው ሥር ተኝቶ ሲወጣ ፊቱ ገርጥቷል።

«ዋናው መስመር ያለው በሌላ ሰው ግድግዳ ውስጥ ነው» አለ።

«በማን?»

«በአቶ ፍሬስብሃት ወጥ ቤት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። አቶ ፍሬስብሃት ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር የዋሉት። ትርሲት ሲሚንቶ የለበሰ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሄደችላቸው።

«አቶ ፍሬስብሃት፣ አልተስማሙም፤ አልቀየምዎትም። ድንኳኑ እንዳይታገድ ግን ውኃው መውጣት አለበት።»

ሽማግሌው ፀሐይዋን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ የእሷን እጅ አዩ። ተንፈስ አሉ። «ጫማችሁን አውልቁ» አሉ። «አቧራውንም ራሳችሁ ትጠርጋላችሁ።»

ሱፊያን በካልሲ ገብቶ ግድግዳውን መፈንቀል ጀመረ። አቶ ፍሬስብሃት ከላዩ ቆመው፣ «ቀስ! ቀስ በል እንጂ! ያ ሸክላ አሁን አይገኝም!» ይሉ ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የመጣችው በዚያ መሃል ነው። ራኬብ ትባላለች፤ የቢሮውን ግራጫ የደንብ ልብስ የለበሰች ወጣት ናት። ከበሮው ቆመ። እሷ ለብዙ ምርቃት ሄዳ ታውቃለች፤ በሲሚንቶ የተለወሰ ደጋሽና የተጓዥ እንግዳ ግን አይታ አታውቅም። ቀጥታ ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ዘጋች፣ ቆለፈች፣ ከፈተች። መስኮቱን ገፋች። መብራቱን አበራች። ከዚያ የቧንቧውን እጀታ ያዘችና አዞረች።

ቧንቧው ምንም አልሰጠም።

እትዬ ሙሉመቤት ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ራኬብ እንደገና አዞረችው። ከግድግዳው ውስጥ የሚያጓራ ድምፅ መጣ፤ ቧንቧው አሳለው፣ አየር ተፋ፣ ዝገት የመሰለ ጭቃ ተፋ። ከምድር ቤቱ የሱፊያን ድምፅ፣ «ለቀቅኩት!» ሲል ተሰማ። ውኃው መጣ፤ ቀይ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ኩልል ያለ። እልልታው ግቢውን ናጠው። ጋሽ ደምመላሽ ጎል እንደገባ አፏጩ።

ራኬብ የረጠበ እጅጌዋን እያራገፈች ወጣች። «ቤት ነው» አለች። ደግሞ እልልታ። «ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የሚይዘው አንድ ነዋሪ ነው። ነዋሪው ማን ናቸው?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ትርሲት አየ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በእሷ ነው። አፏን ከፈተች። ስሟ ምላሷ ላይ ነበር። ከድንኳኑ ሥር ግን ጋሽ ደምመላሽ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን እያሹ በፈገግታ እያዩዋት ነው፤ እሷ ስሟን እስክትናገር በጉጉት ይጠብቃሉ።

«አቶ ደምመላሽ ይግዛው» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አቶ ደምመላሽ ይግዛው ናቸው ነዋሪው።»

ተቆጣጣሪዋ መዘገበች። አድራሻው ወጣ። ጋሽ ደምመላሽ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ትርሲት ደስ አላት፤ ደስታው ከልቧ ነበር። ወዲያው ግን ድንኳኑን የሞሉትን ሰዎች አየች። ፀሐይዋ የተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ምርቃት ሲያልቅ ድንኳን ይነሣል። ድንኳኑ ሲነሣ መሬቱ መናገር ይጀምራል። ተጓዦቹም ይህን ስለሚያውቁ አንዳንዶቹ ጫማቸውን ማሰር ጀምረው ነበር።

ራኬብ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች። የወጉ ጥያቄ ነው፤ በየምርቃቱ ትጠይቀዋለች። «ግንባታው ተጠናቋል?»

እትዬ ሙሉመቤት «አዎ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ፍሬስብሃት በቁጣ ከቤታቸው ወጡ። ጸጉራቸው በሸክላ አቧራ ነጥቷል።

«ምኑ ነው የተጠናቀቀው?» አሉ። «አንድ ክፍል ተሠራና ተጠናቀቀ ይባላል? እስቲ ያንን ግድግዳ እዩት! ላዩ ገና ባዶ፣ ታቹ ገና ቆሻሻ! የእኔ ወጥ ቤት ራሱ ተፈንቅሎ ተቀምጧል! አልተጠናቀቀም! እኔ የሐሰት ምስክርነት አልሰማም!»

ራኬብ ሽማግሌውን አየች። «ካልተጠናቀቀ» አለች ቃላቱን እየመረጠች፣ «ደንቡ ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ድንኳኑ እንዲቆይ ይፈቅዳል።»

«አዎ፣ ይፈቅዳል» አሉ አቶ ፍሬስብሃት። «አንቀጹን እኔ ነኝ ያረቀቅኩት።»

ራኬብ ወደ ሰዉ ዞረች። ከንፈሯ ላይ ሊያመልጣት የደረሰ ፈገግታ ነበር። «ደግሜ ልጠይቅ። ግንባታው ተጠናቋል?»

«አልተጠናቀቀም!» አለ ሰዉ ሁሉ፤ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት፣ ነዋሪውም ተጓዡም። እንደዚያ በደስታ የተጮኸ እምቢታ ከተማው ሰምቶ አያውቅም። ጫማቸውን ያሰሩት ሁሉ ፈቱት።

አቶ ፍሬስብሃት ያን ያደረጉት አውቀው ይሁን ተናደው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ነው። ሲጠየቁ፣ «እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

ድንኳኑ እስከ ክረምቱ መግቢያ አልተነሣም። አንድ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ የታችኛው ሲያልቅ ወደ ላይ ይወጣል። ጎረቤት ብሎኮችም እየመጡ አዩ፣ ጠየቁ፣ የራሳቸውን የጋራ ሕንፃ በመጋዝ ከፈቱ። እድሩ ገንቢዎቹን አስተባብሮ ላከላቸው፤ ከተላኩት ብዙዎቹ የቀድሞ ተጓዦች ነበሩ። አድራሻ ያገኘ ሰው እድሩ ውስጥ ይመዘገባል፤ እድርተኛ ከሆነ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሠርግ ያስተናግዳል፣ ሲቀርም «የት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእግረኛ ፍሰት ቢሮ በዚያ ዓመት መግለጫው በከተማው የቤት ምርቃት ከምንጊዜውም በላይ መብዛቱን ገልጾ ይህም የዕድገት ምልክት ነው አለ። ንጣፎቹ ግን ዛሬም ይግላሉ። መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ትርሲትም እነሱን ፍለጋ ትወጣለች።

እሷ ክፍል ያገኘችው ከብዙዎቹ በኋላ ነው፤ ከላይኛው ወለል፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ። ከገባች በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን የምትሰቅልበት ምስማር ግድግዳው ላይ እየመታች ነበር። ምስማሩ ስለተጣመመባት ደጋግማ መታችው።

ከደጅ አንድ ሰው፣ «ቤቶች!» አለ።

ትርሲት መምታቷን ቀጠለች። ጎረቤቶቿን የሚፈልግ ሰው መሰላት።

«ቤቶች!» አለ ድምፁ እንደገና፤ አሁን ተቆጥቷል።

መዶሻው እጇ ላይ ቀረ። ዙሪያዋን አየች። ከእሷ በቀር ማንም የለም። በሩን ስትከፍተው አቶ ፍሬስብሃት በነጠላ ጫማ ቆመዋል፤ ዓይናቸው ከእንቅልፍ የተነሣ ነው።

«እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ይተኛል» አሉ። «ምን ዓይነት ጎረቤት ናት ግድግዳ እንደዚህ የምትደልቅ? ሁለት ጊዜ ጠራሁ፤ አትሰሚም?»

«እኔን ነው የጠሩት?»

«ታዲያ ማንን? የማን ቤት ነው ይሄ?»

ትርሲት መዶሻውን እንደያዘች እንባዋ መጣ። አቶ ፍሬስብሃት ግራ ገባቸውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እሷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና በሩን መልሳ ገርበብ አደረገችው።

«አንዴ ብቻ ደግመው ይጥሩኝ» አለች ከውስጥ።

ሽማግሌው አብዳ እንደሆነ ለማወቅ በክፍተቱ አዩዋት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤቶች!»

«አቤት!» አለች ትርሲት፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው።